ለቁይ ተማሪ የትኛው መንገድ ያዋጣል? የኦንላይን ትምህርት ዘዴዎች በፊዚክስ ሚዛን

«የኦንላይን ትምህርት» የሚለው ስያሜ ባሕርያቸው እጅግ የተለያየ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። መምህርና ተማሪ በአንድ ሰዓት በስክሪን የሚገናኙበት የቀጥታ ክፍል፣ ተቀርጾ የተቀመጠ ቪዲዮ፣ በቴሌግራም የሚላክ ማስታወሻና መልመጃ፣ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የሙከራ ሲሙሌሽን፣ ሁሉም በዚሁ ስም ይታወቃሉ። «ጠቃሚ ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ በጅምላ ሲጠየቅ መልስ የሚታጣውም ስለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዘዴዎቹን የምናነጻጽረው አንድን ተማሪ በዓይነ ሕሊናችን አስቀምጠን ነው፤ በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላት ግን ወረዳ፣ በቁይ ከተማ የሚኖርና ለ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በብዙ መቶዎች ይቆጠራሉ። በአማራ ክልል በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭቱ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ምርጫው በስብሰባ ላይ ለጌጥ የሚነሳ የቴክኖሎጂ ወሬ ሳይሆን የአንድ ትውልድ ዕጣ የተያያዘበት ነው።

የፕላዝማው ትምህርት

አገራችን በዚህ ረገድ ሰፊ ልምድ አላት፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የምንለው፣ በዓለም ላይ ከተሞከሩት ትላልቅ የርቀት ማስተማሪያ ሥርዓቶች አንዱ ሊባል ይችላል። ፊዚክስን ጨምሮ ትምህርቶቹ በእንግሊዝኛ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው በሳተላይት በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ይተላለፉ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ፕላዝማው ይወስዳል፤ ለክፍሉ መምህር የሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።

በምሕንድስና ዓይን ዘዴው እንከን የለውም ለማለት ይቻላል። ስርጭት የሚባለው ነገር ትልቁ ጸጋ የተቀባዩ ብዛት ምንም ወጪ አለመጨመሩ ነው፤ ማዕበሉ ቁይ ላይ አንድ ሳሕን ቢያገኝም፣ በአገሪቱ ሺህ ሳሕን ቢያገኝም የላኪው ኃይል ያው ነው። በኢንተርኔት ግን እያንዳንዱ ተመልካች የየራሱን ድርሻ ከመስመሩ ይቆርጣል። የቀጥታ ቪዲዮ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ይፈጃል ብንል፣ 60 ተማሪዎች በየስልካቸው ሲከፍቱት 60 ሜጋቢት በሰከንድ ያስፈልጋል።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? አንዳንዶች ምልክቱ ሳተላይት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ይጠቅሳሉ። እናስላው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚገኝ ምልክቱ ወጥቶ ለመውረድ ወደ 71,600 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በብርሃን ፍጥነት 0.24 ሰከንድ ብቻ ነው። ሩብ ሰከንድ ደግሞ ማንንም ተማሪ ከፈተና አልጣለም። ችግሩ የመመለሻ መስመር ፈጽሞ አለመኖሩ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ዜሮ ነው፤ ፍጥንጥነቷስ? አብዛኛው ተማሪ «እሱም ዜሮ» ይላል። ትክክለኛው መልስ እንደ ሌላው ነጥብ ሁሉ ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ፕላዝማው ጥያቄውን ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ፣ መልሱን ነግሮ ያልፋል፤ ስድሳው ተማሪ የተሳሳተ ሐሳቡን ይዞ ወደሚቀጥለው ርዕስ ይሻገራል፤ ቆሞ «ለምን?» ሊል የሚችለው መምህርም ሥልጣኑ ተወስዶበት ከጥግ ቆሟል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የተዘረጉት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርቶችም ይህንኑ ባሕርይ ወርሰዋል።

ስንት ባይት?

አሁን የኢንተርኔቱን ዘዴዎች በመጠን እንመዝናቸው። የአንድ ሰዓት የቀጥታ ቪዲዮ፣ ከላይ ባሰብነው ፍጥነት፣ 450 ሜጋባይት ይፈጃል። ጥራቱን ቀንሰን አስቀድመን ብንቀርጸው ከ200 ሜጋባይት በታች ይወርዳል። ድምፅ ብቻ ቢሆን፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት፣ ወደ 14 ሜጋባይት ነው። ሃያ ገጽ የአማርኛ ማስታወሻስ? እያንዳንዱ ፊደላችን በዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል (የላቲኑ ፊደል አንድ ብቻ ነው፤ ይህን ግብር ለግእዝ ፊደል ስንል በደስታ እንክፈል)። በገጽ 1,500 ፊደል ብናስብ ጠቅላላው 90 ኪሎባይት ይሆናል። ይህም ማለት የአንድ ሰዓት የቀጥታ ቪዲዮ የአምስት ሺህ እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች ዋጋ አለው።

የቀጥታው ክፍል ከዚህም ሌላ መስመሩ በዚያች ሰዓት እንዲኖር ግድ ይላል፤ መብራትም ጭምር። የተቀረጸው ግን በማናቸውም መንገድ ሊጓዝ ይችላል። 64 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድ ከደብረ ማርቆስ ቁይ በሚኒባስ ቢላክና ጉዞው ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ 512 ጊጋቢት በ7,200 ሰከንድ ደረሰ ማለት ነው፤ በአማካይ 71 ሜጋቢት በሰከንድ። የሚኒባሱ ረዳት ይህን ቢሰማ ታሪፍ ይጨምር ይሆናል።

መድረስና መማር

ነገር ግን መረጃ መድረሱ ብቻውን መማር አይደለም። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ኮርሱን በነፃ ለዓለም ሲከፍት ከ150,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ያለፉት ግን 7,000 ያህል፣ ከመቶ አምስት የማይሞሉ ነበሩ። ፍጹም ውጤት ካመጡት አንዱ የ15 ዓመት የሞንጎሊያ ተማሪ ነበር። ስለ እርሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ በትምህርት ቤቱ ከአሜሪካ የመጣ የዶክትሬት ተማሪ የሙከራ ዕቃ በሻንጣ ይዞ ከተማሪዎቹ ጋር ሰርኪዩት ይገጣጥም እንደነበር ነው። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ፍሬ ይህ ነው።

የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጥናቶች ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል፤ የተሻለ ውጤት የታየው ኦንላይኑ ከክፍል ትምህርት ጋር ሲቀላቀል ነበር። ጥናቱ ራሱ እንዳስጠነቀቀው፣ በቅልቅሉ የተማሩት ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ሰዓትና መሣሪያም አግኝተዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ 225 የሳይንስና የሒሳብ ማስተማር ጥናቶችን መርምሮ፣ ንግግር ብቻ በሚሰሙ ክፍሎች የወዳቂው ቁጥር 33.8 በመቶ፣ ተማሪው በሚሠራባቸውና በሚከራከርባቸው ክፍሎች ግን 21.8 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ተማሪው ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። ሰምቶ ብቻ ባለቅኔ የሆነ የለም።

እንግዲህ ለቁይ ምን ይሁን? ገንዘቡ የእኔ ቢሆን የቀጥታውን ቪዲዮ ለወር አንድ ጊዜ ብቻ አስቀር ነበር። በአማርኛ የሚያብራሩ፣ ከአሥር ደቂቃ የማይበልጡ ቅጂዎች በካርድ ወደ ትምህርት ቤቱ ይግቡ፤ የማቆሚያው ቁልፍ በመምህሩ እጅ ይሁን። ከየቅጂው በኋላ እንደ ኳሷ ያለ አንድ ጥያቄ ቀርቦ ተማሪዎቹ በእጅ ምልክት ይምረጡ፣ ከጎረቤታቸው ጋር ይከራከሩ፣ እንደገና ይምረጡ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጃቸው «ፌት» የተባሉ ሲሙሌሽኖችም ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ በዚያው ካርድ ይካተቱ። ቀጭኑ የኢንተርኔት መስመር ደግሞ ፕላዝማው ላጣው ነገር፣ ለመመለሻው መንገድ ይቆጠብ።

ለዚህ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ተማሪው አንድ ሜትር ክር ቆርጦ ድንጋይ አስሮ ያንጠልጥል፤ በስልኩ ሰዓት የሃያ ውዝዋዜ ጊዜ ይለካ። ወደ 40 ሰከንድ ሊያገኝ ይገባል። 38 ሰከንድ አግኝቶ የምድር ስበት 10.9 ነው ብሎ በቴሌግራም ቢልክ፣ መልእክቱ ከጥቂት መቶ ባይት አይበልጥም። ደብረ ማርቆስ ያለው መምህር የሚመልስለትም አጭር ነው፤ «ለቋጠሮው የሄደውን ክር ቀንሰሃል?»