ጠጥቶ ማሽከርከር፦ ቅጣት ብቻ ወይስ ሕክምናም?

በመርካቶ የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ተሸካሚውና እግረኛው አንዱን መንገድ ይሻማሉ። በዚህ ግፊያ መካከል ጠጥቶ የሚያሽከረክር ሰው የሚያደርሰውን አደጋ መገመት አያዳግትም። ታዲያ ቅጣት ብቻውን ይበቃል?

አልኮል በአንጎል ውስጥ ጋባ የተባለውን አረጋጊ ኬሚካል ሥራ ስለሚያጠናክር ፍጥነትንና ማስተዋልን ይቀንሳል። አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ግን አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር ይላመዳል፤ መጠጡ ሲቋረጥም መንቀጥቀጥና ጭንቀት ይከተላሉ። ይህ የአልኮል ጥገኝነት ነው። ጥገኝነትን መቀጮ አያድነውም፤ የምክር አገልግሎትና መድኃኒት ያስፈልገዋል።

በአሜሪካ በ1989 እ.ኤ.አ. በማያሚ የተጀመረው የአደንዛዥ ዕፅ ችሎት አሠራር፣ ኋላ ጠጥተው ለሚያሽከረክሩም ውሏል። ተከሳሹ በዳኛ ክትትል ሥር ይታከማል፤ ሕክምናውን ካቋረጠ ይቀጣል።

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 191፣ ከዚህ ቀደም ላልተቀጣና ወንጀሉ ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ለሚያስቀጣው ሰው፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሳይወስን በፈተና እንዲያቆየው ይፈቅዳል። ራሱን አስክሮ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የሱስ ሕክምና የሚሰጠው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም እዚያው አዲስ ከተማ ይገኛል። እንግዲህ ችሎቱንና ሐኪሙን ማገናኘት ያለብን ሕይወት ከመጥፋቱ በፊት ነው እንላለን።