አንዱ ለአንዱ ዋስ ሲሆን

እቁብ ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ዕጣው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወጣለት ሰው ብሩን ከመቀበሉ በፊት ዳኛው «ዋስህ ማነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከቄራ እስከ ሳሪስ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ የሚጣለው እቁብ ሁሉ የቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። «እኔ አለሁለት» የሚል ሰው ያለው ብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሌለው ተራው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ዛሬ የማጫውታችሁ ለዚህ ጥያቄ የሚጠሩት ስም አጥተው ስለነበሩ፣ ኋላ ግን አንዱ የሌላውን ስም መጥራት ስለጀመሩ ሰዎች ነው።

ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከኮልፌ ቀራንዮ ጋር በሚዋሰንበት በኩል፣ በቀለበት መንገዱ ከመካኒሳ ወደ ጦር ኃይሎች ስትሄዱ ዘነበወርቅ የሚባለውን ሰፈር ታገኛላችሁ። ስሙ የመጣው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው ትልቅ የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል እዚያው ተቋቋመ። ሰው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ በእግሩም በመኪናም እየመጣ ታከመ፤ ዳነ። መመለስ ግን ለብዙዎች አልሆነም። ዘመድ ፊቱን አዙሯል፤ መሬቱን ሌላ ይዞታል፤ ትዳሩ ፈርሷል። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ፣ በገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጎጆ ቀለሱ። እድር ለመግባት ቢጠይቁ የሚመዘግባቸው አልነበረም፤ ማኅበር ላይ ጽዋ የሚያቀብላቸው፣ የቤት ዕቃቸውን የሚዋሳቸው ጎረቤት ብርቅ ነበር። ብዙዎቹ የዕለት ጉርሳቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በልመና አገኙ።

በሽታው ምን እንደሆነ ግን ከታወቀ ቆይቷል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ተህዋሲውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚመክረው የጥምር መድኃኒት ሕክምና በ6 ወይም በ12 ወር ይፈውሳል። አብዛኛው ሰው ደግሞ በሽታውን በተፈጥሮው የመቋቋም አቅም አለው። ፍርሃቱ ከበሽታው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ በእኛ አገር ብቻም አይደለም። በፊሊፒንስ፣ ኩሊዮን በምትባል ደሴት ተለይተው እንዲኖሩ ለተደረጉ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1913 የራሳቸው የተለየ ሳንቲም ተሠራላቸው፤ እነሱ የነኩት ገንዘብ ወደ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ተብሎ። አስቡት፤ አንድ ሰው ላቡን አፍስሶ ያገኘው ሳንቲም ከደሴቷ ውጭ አንድ ዳቦ አይገዛለትም። ጃፓን ሕሙማንን ለይታ የምታቆይበትን ሕግ የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

በዚያው በ1996፣ እዚህ አዲስ አበባ፣ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ሌላ ሰው ሲናገርላቸው የኖሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው ራሳቸው መናገር ጀመሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በእነሱና በቤተሰቦቻቸው ላይ የሚደርሰው መድልዎ እንዲቀር የሚጠይቀውን ውሳኔ ያሳለፈው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ነው። የእኛዎቹ ውሳኔውን 14 ዓመት ቀድመውታል። በዚህ ልንኮራ ይገባል፤ እኔ እኮራለሁ።

ከማኅበሩም በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረ፣ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል ሥራ ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭ ይጎዳል። ነርቩ የተጎዳ እጅ ትኩስ ብርጭቆ ሲይዝ አይሰማውም፤ እግርም ሚስማር ሲረግጥ አያውቅም። ቁስል የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጣት የሚያሳጣውም ቁስሉ ነው። መድኃኒቱ ተህዋሲውን ይገድላል እንጂ የሞተ ነርቭ አያስነሳም። ስለዚህ ከበሽታው የዳነ ሰው ሳይቀር ቁስሉን ለማሳሰር ጤና ተቋም ሲመላለስ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የአለርት የሥጋ ደዌ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ራስን የመንከባከብ ቡድኖችን ማቋቋም ጀመረ። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እጅና እግርን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የጠጠረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ መፈግፈግ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን መፈተሽ ነው። ይህን አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያደርገው ይችላል። ግን አያደርገውም፤ ሁለት ቀን ያደርግና ይተወዋል። እንደ እናንተም እንደ እኔም ሰው ነውና። በቡድን ሲሆን ግን አንዱ የሌላውን እግር ያያል፤ «ይህ ቁስል ባለፈው አልነበረም፤ ምን ነካህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እግሩ የማይሰማው ሰው የጓደኛው ዓይን ይሰማለታል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በደንብ ተመልከቱት። ቁስሉ የደረቀ እጅ ሥራ ይይዛል። ሥራ የያዘ እጅ ሳንቲም ያገኛል። በቋሚ ቀን መገናኘት የለመዱ ሰዎች ደግሞ ሳንቲም ማዋጣት አይከብዳቸውም፤ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚያረፍድ በእግራቸው ቁስል አይተው አውቀዋል። ከቡድኖቹ አንዳንዶቹ ከቁስል እንክብካቤ አልፈው ገንዘብ ወደ ማጠራቀምና አብሮ ወደ መሥራት የተሻገሩት በዚህ መንገድ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መተማመኑ ከገንዘቡ በፊት መጣ። አብዛኞቻችን ተገልብጠን ነው የምንጀምረው። መጀመሪያ ብር እናዋጣለን፤ ከዚያ አለመተማመናችን ሲወጣ እንበተናለን።

ዘነበወርቅም ሥራ አለ። ብርሃን ታየ በሚል ስም የተደራጁ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች በእጃቸው የጠለፉት የትራስ ልብስና የግድግዳ ጌጥ ለዓመታት በአለርት ግቢ ሲሸጥ ኖሯል። ክርና መርፌ ለጤነኛ ጣት እንኳ ትዕግሥት ይጠይቃል። መርፌው ሲወጋው ለማያውቅ ጣት ደግሞ ዓይን ከጨርቁ ሳይነሳ መዋልን ይጠይቃል። ያንን ጥልፍ ያየ ገዢ የሚከፍለው ለጥሩ ሥራ ነው፤ ምጽዋት ብሎ የሚጨምረው ነገር የለም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ለቡ፣ ጀሞ፣ ሃና ማርያም፣ የትም ብትኖሩ «መነሻ ካፒታል የለኝም» የሚለውን ቃል በየቀኑ እሰማለሁ። አምናችኋለሁ፤ ኑሮው ከብዷል። ግን ካፒታል ከመፈለጋችሁ በፊት ሰው ፈልጉ። ስምንት ወይም አሥር ይበቃሉ፤ ከዚያ ሲበዛ አንዱ ሌላውን አያየውም። ሀብታም ዘመድ አትፈልጉ፤ በየሳምንቱ ዓይናችሁን የሚያይ ጎረቤት ይሻላል። በመጀመሪያው ወር ብር አትሰብስቡ። ቀኑንና ሰዓቱን ቁረጡና ብቻ ተገናኙ፤ ያረፈደ ይቀጣ፤ ሁለት ጊዜ የቀረ በሰላም ይሰናበት። በሁለተኛው ወር ከመካከላችሁ በጣም የተቸገረው ሳይጨነቅ ሊያዋጣው የሚችለውን ያህል ጀምሩ። መጠኑን እሱ ይወስን፤ የተሻለ ገቢ ያለው አይወስንለት። ብዙ ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ጠንካራው ከፍ ያለ መዋጮ ይጠራል፤ ደካማው አፍሮ ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ወር ይጠፋል።

ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ሦስቱ ቁልፎች በሦስት የተለያዩ ሰዎች ቤት ይደሩ። ማን ስንት እንዳገባ ጸሐፊዋ ሁሉም እየሰማ ጮክ ብላ ታንብብ፤ ማንበብ የማይችል አባልም ሒሳቡን በጆሮው ይይዘዋል። ብድር ስትጀምሩ ቶሎ ለሚዞር ሥራ ስጡ፤ ሽንኩርት ከአትክልት ተራ አምጥቶ ለመቸርቸር፣ እንጀራ ጋግሮ ለሱቅ ለማስረከብ፣ ቆሎ ቆልቶ ለመሸጥ። ለእያንዳንዱ ተበዳሪ ሁለት አባላት ይፈርሙ። የፈረሙት ሰዎች ሥራው ቦታ ድረስ ሄደው «ገበያው እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ያ ጉብኝት ከየትኛውም ማስያዣ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

እድራችሁንም አትርሱ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ለቀስተኛ ያበላል፤ በዚህ የሚተካከለው የለም። ነገር ግን የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አውጡና ማን አባል መሆን እንደሚችል የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። ብሎካችሁ ሥር ሻይ የምታፈላው እህት፣ ማታ ማታ ግቢውን የሚጠብቁት አባት፣ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት የሚዞረው ሊስትሮ፣ የመግቢያውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ መክፈል ስላልቻሉ ውጭ ቀርተው ይሆናል። በየወሩ ከፋፍለው እንዲከፍሉ የሚፈቅድ አንድ ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው ስብሰባ ይጨመር። ከእናንተ አንዱ አጀንዳ አድርጎ ያቅርበው።

ዓመቱ ሲሞላ ሣጥኑን ሁሉም ባለበት ክፈቱና ቁጠሩ። ገንዘቡን ተካፍሎ መለያየት ይቻላል፤ ብዙ እቁብ የሚያልቀው እንዲህ ነው። እኔ ግን ግማሹን እንኳ ብትተዉት እመርጣለሁ፤ ተካፍሎ የተበላ ብር በሚቀጥለው ዓመት ለማንም አያበድርም። የቃለ ጉባኤያችሁንና የሒሳብ መዝገባችሁን ይዛችሁ ወደ ወረዳችሁ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ መሠረት የቁጠባና ብድር ማኅበር ሆኖ ለመመዝገብ ምን እንደሚጎድላችሁ ጠይቁ። የአባል ቁጥር ካነሰ ጎረቤት ያለውን ቡድን አነጋግሩ። የአንድ ዓመት መዝገብ ያለው ቡድን ባዶ እጁን ከሚሄደው በተለየ ጆሮ ይሰማል።