በባሕር ውኃ ውስጥ የተሰወረው መርዝ እንዴት ይለካል?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሶረን የንሰን የተባለ ስዊድናዊ ኬሚስት በባልቲክ አካባቢ ዓሦችና ንስሮች ውስጥ ዲዲቲን ሲፈልግ፣ የማያውቃቸው ምልክቶች በመሣሪያው መዝገብ ላይ ታዩት። ዲዲቲ በስፋት ከመሠራጨቱ በፊት፣ በ1944 የተሰበሰበ የንስር ላባም ያንኑ አሳየ። ስለዚህ ነገሩ ዲዲቲ ሊሆን አይችልም ነበር። የንሰን በ1966 ምንነቱን ይፋ አደረገ፦ በትራንስፎርመር ዘይትነት ጭምር ያገለግል የነበረው ፒሲቢ ነው።

ሁለቱም ሳይበሰብሱ ለረጅም ዘመን ከሚቆዩ ኦርጋኒክ በካዮች ወገን ናቸው። ውኃን ይሸሻሉ፤ ስብን ይወዳሉ። በመሆኑም በባሕሩ ውስጥ እጅግ ጥቂት ሆነው ሳለ በዓሣ፣ ዓሣ በሚበሉ አእዋፍና በሰው ስብ ውስጥ ይከማቻሉ።

ታዲያ ውኃውን እንዴት እንመርምር? በባሕር ዳርቻ መጠናቸው ብዙ ጊዜ በሊትር በፒኮግራም ይቆጠራል። በሊትር 1 ፒኮግራም ማለት በ1 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ውኃ ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። በአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ውኃ ለዚህ አይበቃም።

አንዱ መፍትሔ ስስ የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ለሳምንታት ባሕር ውስጥ ማቆየት ነው። ፕላስቲኩ እንደ ስብ በካዩን ይሰበስባል፤ በመጨረሻም ከውኃው ጋር ሚዛን ላይ ይደርሳል። የሁለቱ ክምችት ንጽጽር በኪሎግራም 1,000,000 ሊትር ነው እንበል። በፕላስቲኩ ውስጥ በኪሎግራም 2 ማይክሮግራም ከተገኘ፣ በውኃው ውስጥ በሊትር 2 ፒኮግራም አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ በካዩ በማሟሚያ ከፕላስቲኩ ይወጣና በጋዝ ክሮማቶግራፍ ውስጥ በየዓይነቱ ይለያል። ከጫፉ ላይ ጄምስ ላቭሎክ በ1957 የፈለሰፈው ኤሌክትሮን ያዥ መመርመሪያ አለ። ኒኬል-63 የሚያመነጨው የቤታ ጨረር ጋዙን አዮን በማድረግ ነጻ ኤሌክትሮኖችን ይፈጥራል፤ የማይዋዥቅ የኤሌክትሪክ ጅረትም ይፈሳል። ክሎሪን ያዘለ ሞለኪውል ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹን ስለሚይዝ ጅረቱ ይቀንሳል። የምንለካው ይህንኑ ጉድለት ነው።

ሆኖም መሣሪያው የሞለኪውሉን ማንነት አይነግረንም፤ ማረጋገጫው የማስ ስፔክትሮሜትር ነው። የላቦራቶሪው አየርና ዕቃም ናሙናውን ሊበክሉ ስለሚችሉ፣ ባሕር ያልነካ ተመሳሳይ ፕላስቲክ አብሮ መመርመር አለበት።

ተማሪዎች ሆይ፣ «አልተገኘም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። መሣሪያው ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ካልተገለጸ፣ በሪፖርት ላይ የሰፈረ ዜሮ ዓሣውን የሚመገበውን ሕዝብ ያዘናጋል።