ልጃችን ዘግየት ያለ ሲመስለን በየት በኩል እንጀምር?

ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ነው እንበል። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ወተት ሲያምረው በጣቱ አያመለክትም፤ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ፍሪጁ ይጎትታታል። መጫወቻ መኪኖቹን አይነዳቸውም፤ ምንጣፉ ላይ በሰልፍ ይደረድራቸውና አንዷ ፈቀቅ ካለች ያለቅሳል። እናቱ አንድ ነገር እንዳለ ከጠረጠረች ቆይታለች። አያቱ ግን በስልክ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይሏታል። ሐኪሙም «ለስድስት ወር እንየው» ብሏል። እሷም ትጠብቃለች።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለሚኖሩ እንዲህ ላሉ ወላጆች ነው፤ በተለይ ብዙ ወገኖቻችን ላሉባቸው ለዋሽንግተን ዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ልጁ እንዲገመገም ለመጠየቅ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም። ሐኪሙ «እንጠብቅ» ቢልም ወላጅ ራሱ ደውሎ መጠየቅ ይችላል። ልጁ ኦቲዝም አለበት ወይም ሌላ ነው ተብሎ እስኪወሰን መቆየትም አይገባም፤ የዕድገት መዘግየቱ ብቻ ለድጋፍ ሊያበቃው ይችላል።

የምትደውሉበት ቦታ የሚለየው በልጁ ዕድሜ ነው። የመለያያው መስመር ሦስተኛ ዓመት ልደቱ ነው።

ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እያንዳንዱ ስቴት የኧርሊ ኢንተርቬንሽን (የቅድሚያ ድጋፍ) ፕሮግራም አለው። የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በሕዝብ ትምህርት ቤት በነፃ የመማር መብት በፌዴራል ሕግ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር፤ ሕፃናቱ የተጨመሩት በ1986 ነው። ፕሮግራሙ በዲሲ «ስትሮንግ ስታርት»፣ በሜሪላንድ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ»፣ በቨርጂኒያ «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን» ይባላል። ስሙ ቢጠፋችሁ ለካውንቲው ደውላችሁ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» ማለት ይበቃል። ስልኩን ላነሳው ሰው «አማርኛ» በሉት፤ ከአስተርጓሚ ጋር ያገናኛችኋል። የዲሲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ሕግ ካወጣ ወዲህ አማርኛ የከተማው ቢሮዎች ከሚያስተናግዷቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ጥያቄው ለፕሮግራሙ ከደረሰበት ቀን አንስቶ በ45 ቀን ውስጥ ግምገማው አልቆ የመጀመሪያው የቤተሰብ ዕቅድ ስብሰባ መደረግ አለበት። ስለዚህ የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ደብተር ላይ ጻፉ። ግምገማው ክፍያ የለውም። አገልግሎቱን በተመለከተ አንዳንድ ስቴቶች እንደ ገቢ መጠን ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ግን አይከለከልም።

አገልግሎቱን የምትሰጠው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ቤት ድረስ ነው፤ ልጁ ዴይኬር ከዋለ እዚያው ትሄዳለች። ብዙ ወላጆች እሷ ከልጁ ጋር ስትሠራ ወጥ ቤት ገብተው ቡና ያፈላሉ። እንግዳ ማክበራችን ነው፤ ግን የእናንተ ቦታ ምንጣፉ ላይ ከልጁ አጠገብ ነው። ባለሙያዋ ለምሳሌ ሙዝና ብርቱካን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ «የቱን?» ትለውና ዝም ብላ ትጠብቃለች። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ልጁ ወደ ሙዙ ካየ ወይም እጁን ከዘረጋ «ሙዝ!» ብላ ወዲያው ትሰጠዋለች። የዚህ ፍሬ የሚታየው እናንተም ቁርስ ላይ፣ ገላ ስታጥቡት፣ ጫማ ስታደርጉለት ስትደጋግሙት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመጣ ሰው ብቻውን የልጅን አፍ አያስፈታም።

ደጋግሜ የምሰማው አንድ ምክር ያሳዝነኛል፤ «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው፣ አማርኛውን ተዉትና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚለው። በሁለት ቋንቋ ማደግ የንግግር መዘግየት እንደማያመጣ በጥናት ተረጋግጧል። እንግሊዝኛው የማይመቻት እናት አማርኛዋን ስትተው ልጁ የሚያገኘው የተሻለ እንግሊዝኛ ሳይሆን ያነሰ ጨዋታ፣ ያነሰ ተረት፣ ያነሰ እሹሩሩ ነው። በሕጉም ልጁ መገምገም ያለበት በሚያውቀው ቋንቋ ነው። «ውሃ»፣ «እምቢ»፣ «ና» የሚል ከሆነ እነዚህ ሦስት ቃላት ናቸው፤ ለገምጋሚዋ ንገሯት። በእንግዳ ፊት ዝም የሚል ልጅ ከሆነም ቤት ውስጥ ሲጫወት በስልካችሁ ቀርጻችሁ አሳዩ።

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ኃላፊነቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ዲስትሪክት ይዞራል፤ ትምህርት ገና ባይጀምርም። በኧርሊ ኢንተርቬንሽን ውስጥ ያለ ልጅ ከሆነ የሽግግሩ ስብሰባ ቢያንስ ከልደቱ 90 ቀን በፊት መደረግ አለበት። አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ። የልጁ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የሚያሳስባችሁ ነገር፣ «ለልዩ ፍላጎት ትምህርት እንዲገመገም እጠይቃለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ቀንና ፊርማ ያስፈልጋሉ። ቅጂውን አስቀሩ። በሩ ላይ ለአስተማሪዋ በቃል የተነገረ ስጋት ከጊዜ በኋላ ማስረጃ የለውም።

ልጁ ድጋፍ ይገባዋል ከተባለ አይኢፒ የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለታል፤ ቢያንስ በዓመት አንዴም ይታያል። ወላጅ በዚያ ስብሰባ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቡድኑ አባል ነው የሚቀመጠው። ነገር ግን ክፍሉ ያስፈራል። አምስት ስድስት ባለሙያ በአንድ ወገን፣ ወፍራም ወረቀት መሐል ላይ፣ ሁሉም ይቸኩላል። የእኛ ሰው በይሉኝታ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማና ይፈርማል። ያንኑ ቀን መፈረም ግዴታ አይደለም። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ከምታምኑት ሰው ጋር አንብቡት። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ስለሆነ ትልቋን እህቱን ይዛችሁ አትግቡ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ የሚባለውን ሁሉ መሸከም የለባትም። «ስፒች ቴራፒ ያገኛል» የሚል ብቻ ከተጻፈም በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ለብቻው ወይስ ከሌሎች ልጆች ጋር ብላችሁ ጠይቁ።

ትምህርት ቤቱ አንገመግምም ወይም አንሰጥም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ያን ጊዜ ብቻችሁን አትጋፈጡ። እያንዳንዱ ስቴት በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍና ወላጆችን በነፃ የሚያማክር ቢያንስ አንድ የወላጆች ማዕከል አለው። ደብዳቤ በመጻፍ ያግዛሉ፤ ለስብሰባም ያዘጋጃሉ።

የመኖሪያ ፈቃድ ያልጨረሱ ወላጆች ከዚህ ሁሉ የሚሸሹት በፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ፕላይለር» በተባለው ጉዳይ ልጆች በኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ምክንያት ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ወስኗል። ሜዲኬይድ (የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) እና ኤስኤስአይ (ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ወርሃዊ ድጎማ) ግን ከዚህ ይለያሉ፤ የራሳቸው ቅድመ ሁኔታ አላቸውና ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ድጋፍ በብዛት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የራሳችን ማኅበረሰብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ እድሩ። ልጁ ቅዳሴ ላይ ስለሚጮኽ መሄድ ያቆሙ ቤተሰቦች አሉ፤ እንዲህ ዓይነት ቤት ቅርብ ዘመድ እንኳ እየራቀው ይሄዳል። ለካህኑ ወይም ለኢማሙ አስቀድሞ መንገር፣ ልጁ ሲጨንቀው የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ክፍል መለመን፣ ሰው በዛ ከማለቱ በፊት ለአጭር ጊዜ ብቻ ይዞት መሄድ ይረዳል። አንድ ቤተሰብ ደፍሮ ሲናገር ሌሎችም እንዳሉ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ልጅ ካሳደጉ ወላጆች የሚገኘው መረጃ፣ የትኛው ጥርስ ሐኪም ታጋሽ እንደሆነ፣ የትኛው ዴይኬር እንደሚቀበል፣ ከየትኛውም ቢሮ አይገኝም።

ሁለተኛው ሜዲኬይድ ነው። ሜዲኬይድ ያለው ልጅ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለጤናው አስፈላጊ የሆነ ሕክምናና ቴራፒ ሊሸፈንለት ይገባል። ገቢያችሁ ከወሰኑ ቢበልጥም ተስፋ አትቁረጡ። ኬቲ ቤኬት የተባለች የአዮዋ ሕፃን ሜዲኬይድ የሚከፍልላት ሆስፒታል ከተኛች ብቻ ነበር፤ ቤቷ ብትገባ ይቋረጥባት ነበር። የእሷ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ዘንድ ደረሰ፤ በተከታዩም ዓመት ስቴቶች የወላጅን ገቢ ትተው የልጁን ብቻ እንዲቆጥሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ዌይቨር የሚባሉት ፕሮግራሞችም አሉ፤ ቤት ውስጥ ረዳት፣ ወላጅ ትንሽ እንዲያርፍ ልጁን የሚይዝ ሰው፣ እንደ ስቴቱ ሌላም ይሰጣሉ። ወረፋቸው ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ የሜሪላንዱ የኦቲዝም ዌይቨር በዚህ ይታወቃል። ስለዚህ ዛሬ ባያስፈልጋችሁም የልጁን ስም አሁኑኑ አስመዝግቡ። ቤት ስትቀይሩም አዲሱን አድራሻ ለመዝገቡ ቢሮ አሳውቁ፤ ተራው ደርሶ የተላከ ደብዳቤ መልስ ካጣ ስሙ ሊሰረዝ ይችላል።