ስለ ቤትዎ ፌሮ

ጥያቄ፦ አዳማ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ልጀምር ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ትክክለኛ መሆኑን በምን ልወቅ? ስታፋውስ ለምን ይጠጋጋል?

መልስ፦ በሚዛን ይወቁት። 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ 10.7 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን አለበት። 9 ኪሎ ከሆነ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አይቀበሉት።

ፌሮ ከቁርጥራጭ ብረት ሲሠራ በ1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፣ ተጣርቶ በቅርጽ ይፈስሳል፣ ከዚያም እንደገና ግሎ በመዳመጫ ይሳባል። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ውኃ ይረጭበታል፤ ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ግን እንደልብ የሚተጣጠፍ ይሆናል። ቤት ሲናወጥ ሰውን የሚያተርፈው ይህ መተጣጠፍ ነው። ስለዚህ ታጥፎ የተሰነጠቀ ፌሮ አይግዙ።

አዳማ ርዕደ መሬት በሚያሰጋው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ ርዕደ መሬት እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ኮለን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ከቢም ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ነው፤ ስታፋው (ቋሚዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት) እዚያ የሚጠጋጋው ኮንክሪቱን አቅፎ እንዲይዝ ነው። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ ይከፈታል፤ በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።

ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት መሐንዲስዎ ስታፋውን አንድ በአንድ ይቁጠር። ከተሞላ በኋላ የሚታይ ነገር የለም።