ኮምፒውተርን ወደ ባሕር ማቅረብ ስለ ምን አስፈለገ?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል። ይህ ምሳሌ ለሰው ብቻ ሳይሆን በባሕር ላይ ለሚሠሩ መሣሪያዎችም እንደሚስማማ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በየብስ ያለ መሣሪያ ከባድ ስሌት ሲገጥመው ጥያቄውን በሽቦ ወደ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ልኮ መልሱን ወዲያው ይቀበላል። በውቅያኖስ መካከል ላለ መርከብ ግን መልእክት የሚመላለሰው በሳተላይት ነው። ከሳተላይቶች አንዳንዶቹ ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው ይገኛሉ። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ወጥቶ እስኪወርድ 72,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ለጥያቄው ሩብ ሴኮንድ፥ ለመልሱም ሌላ ሩብ ሴኮንድ ገደማ ያስፈልጋል።

«ግማሽ ሴኮንድ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ መርከብ በዚህ ጊዜ ብዙ አይርቅም። ዋናው ችግር ግን መስመሩ ጠባብ ስለ ሆነ ካሜራዎች ሳያቋርጡ የሚያነሡትን ሥዕል ሁሉ ለመላክ አለመብቃቱ ነው። ደግሞም መስመሩ የተቋረጠ እንደ ሆነ መርከቡ ያለ መካሪ ይቀራል። ከውኃ በታች ያለው ችግር ከዚህም የባሰ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በባሕር ውኃ ውስጥ ሩቅ ስለማይዘልቅ መልእክቱ በድምፅ ይላካል። ድምፅ በዚያ በአንድ ሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ 3,000 ሜትር ጠልቆ የሚሠራ መሣሪያ ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ 4 ሴኮንድ ያልፋል።

ስለዚህ መሐንዲሶች ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። ፈጣን ውሳኔ የሚያሻው ስሌት እዚያው በመርከቡ ባሉ ኮምፒውተሮች ይሠራል፤ ረጅም ጥናት የሚጠይቀው ወደ የብስ ይላካል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ሰው ያልተሳፈረባት ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ ናት። ርዝመቷ 15 ሜትር ሲሆን በ6 ካሜራዎች እያየች መንገዷን ራሷ ትወስን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከእንግሊዝ አገር ተነሥታ ሳለ ከመሣሪያዋ አንዱ ክፍል ተበላሽቶ ተመለሰች። በ2022 እንደ ገና ተነሥታ፥ ስለ ብልሽት በአዞሬስ ደሴቶችና በካናዳ በሃሊፋክስ ወደብ ቆማ፥ በመጨረሻ አሜሪካ ደረሰች።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ አደጋን ለማስቀረት ውሳኔው አደጋው ካለበት ስፍራ መቅረብ አለበት። ሁለተኛ፥ ኮምፒውተሩ መንገድ ቢመርጥም የተሰበረ ብረት የሚጠግን እጅ የለውም፤ ስለዚህ የመርከበኛው ሙያ ገና ይፈለጋል። ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል በክፍል ሲያሰለቸን፥ በዚህ ቀላል ስሌት የመርከቦች አሠራር እንደ ተለወጠ እናስታውስ።