ያረጀው ስልኩ ነው ወይስ ባትሪው?

«ስልኬ ተንቀራፈፈብኝ፤ አዲስ መግዛት አለብኝ» የሚል ሰው ዛሬ በየቤቱ አይጠፋም። ውድ አንባቢያን! ኪሳችንን ከመክፈታችን በፊት አንድ ጥያቄ እናስቀድም፤ ያረጀው ስልኩ ነው ወይስ ባትሪው?

አፕል ኩባንያ በ2017 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ባትሪያቸው የደከመ የአይፎን 6፣ 6ኤስ፣ ኤስኢና 7 ስልኮችን ፍጥነት በሶፍትዌር መቀነሱን አመነ። ምክንያቱ ምን ነበር? ያረጀ ባትሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ስልኩ በድንገት ስለሚጠፋ ነው። ባትሪው ሲቀየር ግን ፍጥነቱ ይመለሳል። ኩባንያው እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ የመቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገ።

ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ጎማ አለቀ ብሎ መኪናውን የሚጥል ማን ነው?

እርግጥ ነው፣ የደህንነት ማሻሻያ የተቋረጠበት ስልክ ለባንክ ሥራ አያስተማምንም፤ ያን ጊዜ መለወጡ ተገቢ ነው። ጎረቤት ስለለወጠ መለወጥ ግን ኢስራፍ ነው። ያ ገንዘብ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የተቸገረ ዘመድም ሐቅ አለበት።

አላህ ከአባካኞች አያድርገን!